የአቶ ሣህሌ ሰንጢዎች

በየከተማው ንብረቱን የሚያገለግል እንጂ በንብረቱ የማይገለገል አንድ ሰው አይጠፋም። አሰላ ውስጥ ይህ ማዕረግ የክቡር አቶ ሣህሌ ነበር። ሀብታቸው አሮጌ ሰንጢ ነው፤ ባለቀንድ እጀታ፣ ባለእንጨት እጀታ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደ። ሁሉም የስፌት መኪና ዘይት ጠጥቶ፣ በከፋይ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይተኛል። አንዱም ቆርጦ አያውቅም። ብርቱካን መላጥ ሲያምራቸው የባለቤታቸውን የወይዘሮ እታገኘሁን የሽንኩርት ቢላዋ ይዋሳሉ። ለፋሲካ ቅርጫም ባዶ እጃቸውን ይመጡና የሰዉን ቢላዋ እያገላበጡ፣ «ይሄማ ብረት አይባልም» ይላሉ። «የእርስዎን ያምጡና እንየው» ሲባሉ ይቆጣሉ፤ «የኔ ሰንጢ በሬ ሊገፍፍ?»

ደርግ መሬትን ላራሹ ሲያውጅ ሰንጢን ለቆራጩ ስላላለ፣ የአቶ ሣህሌ ርስት ሳይነካ ቀረ። የቀበሌ ጠባቂዎች መሣሪያ ፍለጋ ቤታቸው በገቡ ጊዜ እንኳ አቶ ሣህሌ ሣጥኑን ራሳቸው ከፍተው፣ «ቁጭ በሉ፣ ጓዶች» ብለው አንድ በአንድ ያስረዱ ጀመር። ገና ግማሹ ሳይነገር የጠባቂዎቹ አለቃ «በቃ ጋሼ፣ አምነናል!» ብሎ ሰዎቹን ይዞ ወጣ።

ጎረቤታቸው ተሻለች ግን መውጫ አልነበራትም። ባሏ የሞተባት፣ ዓይነ አፋር ሴት ናት። እሁድ እሁድ መጥተው ሲተርኩላት ጥጧን እየፈተለች «እሺ» ትላለች።

አንድ የክረምት ጠዋት ላሟ እርጥብ የማገጥ ሣር ግጣ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ላም ወተት ነው። ተሻለች ነጠላዋን እየጎተተች ሮጠች።

«ጋሽ ሣህሌ፣ ላሜ ልትሞትብኝ ነው! ሁሴኖ ከብት አዋቂው ሆዷ ካልተበሳ አትተርፍም አለኝ። የኔ ቢላዋ ዶልዱሟል፤ ሹል ሰንጢ ነው የሚያስፈልገው።»

አቶ ሣህሌ ሣጥኑን ከፈቱ። አንዱን አነሡ። «ይሄ እንኳ የጀርመን ነው...» መለሱት። ሌላ አነሡ። «ይሄን ደግሞ አንድ የበቆጂ ገበሬ በበግ ለውጦኝ...»

«ጋሽ ሣህሌ!» አለች ተሻለች። በሰው ላይ ጮኻ አታውቅም ነበር።

አቶ ሣህሌ ከሥር ያለውን፣ ለባለቤታቸው እንኳ ከሩቅ የሚያሳዩትን፣ ባለዝሆን ጥርስ እጀታውን ይዘው ወጡ።

ሁሴኖ የተጋደመችውን ላም ግራ ጎን በጣቱ ለክቶ፣ «እዚህ ጋ ይውጉ!» አለ። ወጉ። ነፋሱ እያፏጨ ወጣ። «አያውጡት፣ ይደፈናል! ጠምዘዝ አድርገው ይያዙት!»

ያዙ። ዝናብ መጣ፤ ያዙ። የከረፋ አረፋ እስከ ክንዳቸው ወረደ፤ ያዙ። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ ነገረኛ፣ «ጋሼ፣ ይሄኛውስ የየት አገር ሥሪት ነው?» ቢላቸው፣ «ምን አውቄ! ባክህ ቀንዷን ያዝ!» ብለው ጮኹ።

ላሟ ተነሥታ ማመስኳት ጀመረች። የዝሆን ጥርሱ እጀታ ግን ቢታጠብ፣ ቢታሽ፣ ዳግመኛ አልነጣም።

በሚቀጥለው እሁድ አቶ ሣህሌ በማመንታታቸው አፍረው ከቤታቸው አልወጡም። ተሻለች እንዝርቷን ይዛ ራሷ ሄደች፤ በርጩማ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሽ ሣህሌ፣ ያ ሰንጢ እንዴት እጅዎ ገባ?»

ቀና አሉና ጀመሩ። ታሪኩን ቃል በቃል ታውቀዋለች። ማለቂያው ላይ ሲደርሱ እንዝርቷን አስቀመጠችና፣ «ይገርማል! ከዚያስ?» አለች።