እትዬ ዙራካን ባሉበት ሆቴል የለም

ሆቴል ማደርን እንደ ነውር የሚቆጥር ሰው የሌለበት ቤተሰብ ካለ አድራሻውን ላኩልኝ፤ በቀረችኝ ዕድሜ ሄጄ ልጠጋቸው። እኔ እስካሁን አላገኘሁም። እዚህ ናሪን ከተማ ከበር ወደ በር ብትጠይቁ እያንዳንዱ ቤት አንድ አለው፤ አንዱ ቤት አጎት፣ አንዱ ቤት አማት። ለእኛ የደረሰን ግን ከሁሉም የባሰው ነው። የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ ክብርት እትዬ ዙራካን።

እትዬ ዙራካን ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነው። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ሠርተዋል። የማን ደብዳቤ ወደ ማን እንደሚሄድ ሲያዩ ኖረው የአገሩን ዝምድና በሙሉ በጭንቅላታቸው ቋጥረው ጡረታ ወጡ። እኛ ዘንድ ሰባት አባቶቹን መቁጠር የማይችል ሰው ባዳ ነው ይባላል። እሳቸው የራሳቸውን ሰባት ቆጥረው አይበቃቸውም፤ የእኔንም፣ የሥጋ ሻጩንም፣ ሚኒባስ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠውን ምስኪን መንገደኛም ይቆጥሩለታል። ሰውየው ገና ቀበቶውን ሳያስር አራተኛ አያቱ ላይ ይይዙታል። ከዚያ በኋላ ማምለጫ የለውም፤ ወይ ቤቱ እናድራለን፣ ወይ እኛ ቤት ያድራል።

ታላቋ ልጄ ካኒሻይ አሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ ዋና ከተማችን ቢሽኬክ ላለ አዳሪ ትምህርት ቤት የጽሑፍ ፈተናውን አለፈች። ሃያ አራት ቦታ ነው ያለው፤ ለቃለ መጠይቅ የተጠሩት ስልሳ ልጆች ናቸው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ ያረፈደ አይስተናገድም።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። መንገድ ማቀድ እንጀራዬ ነው። ዓርብ ጠዋት በሚኒባስ እንነሳለን፤ የዶሎንን ተራራ ከረፋዱ በፊት እንሻገራለን፤ ከሰዓት ቢሽኬክ እንገባለን። ከትምህርት ቤቱ ሦስት መቶ እርምጃ ላይ ትንሽ ሆቴል አለ፤ ስልክ ደውዬ ክፍል ይዣለሁ። ልጅቷ ሾርባ ትጠጣለች፣ በጊዜ ትተኛለች፣ ጠዋት በእግሯ ትሄዳለች። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። እንደ ወታደር ሸሚዝ የተተኮሰ ዕቅድ ነበር።

ረቡዕ ማታ እትዬ ዙራካን መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዱ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡና አንዷ ቃል ላይ ጣታቸውን ተከሉ።

«ሆቴል?» አሉ።

«አዎ እትዬ። ከትምህርት ቤቱ ሦስት መቶ እርምጃ ነው።»

ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «ስሚ ጉልባራ፣ ዘመዶቻችን ሁሉ አልቀው ባልሽ ብቻውን ቀብሯቸዋል እንዴ? እኔ እንዴት ሳልሰማ ቀረሁ?»

«እትዬ፣ ልጅቷ ማረፍ አለባት» አልኩ።

«ታዲያ ዘመድ ቤት ያላረፈች የት ልታርፍ ነው? ዘመድ እያለው ሆቴል የሚያድር ሰው ወይ ሰርቆ ነው ወይ ከሚስቱ ተደብቆ ነው። አንተ የትኛው ነህ፣ ሙሽራው?»

ሙሽራው የሚሉት እኔን ነው። ከተጋባን ሃያ ዓመታችን ነው፤ ጸጉሬ ሸብቷል፣ ሁለት ጥርስ አስነቅያለሁ። በሚስት ቤተሰብ ዘንድ ግን ሰው እስኪሞት ሙሽራ ነው።

ዕቅዴን ከግድግዳው ነቅለው በጀርባው የራሳቸውን ጻፉ። ሐሙስ እንነሳለን። ኮችኮር ላይ ሻይ ብቻ፤ ቶክሞክ ላይ ሻይ ብቻ፤ ቢሽኬክ ደግሞ የአጎታቸው ልጅ ልጅ ታላይ ቤት አለ።

«ሐሙስ እኮ ክፍለ ጊዜ አለኝ!»

«አንድ ቀን ብትቀር ጂኦግራፊ አይጠፋም። ተራራው እዚያው ነው።»

ተሸነፍኩ። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እሷ ገና በልጅነቷ ነው እጅ የሰጠችው።

«ሻይ ብቻ» የምትለዋን የእትዬ ዙራካንን ቃል ለማያውቅ ሰው ልተርጉምለት፤ ትርጉሟ በግ ማለት ነው። ኮችኮር ስንደርስ በጉ በሩ ላይ ታስሮ ነበር፤ አይኑን አይቼ እኔና እሱ አንድ ዓይነት ዕጣ እንዳለን ገባኝ። የቤቱ ባለቤት የእትዬ ዙራካን ባል እህት፣ የእሷ ባል ወንድም ናቸው፤ ይህን ዝምድና እስክቆጥር ሥጋው በሰለ። የክብር እንግዳ ተብዬ የበጉ ጭንቅላት ተሰጠኝ። እንደ ደንቡ ጆሮውን ቆርጬ ለካኒሻይ ሰጠኋት፤ ታላላቆቿን ትስማ ዘንድ። ልጄ ግን የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም፤ የመለማመጃ ወረቀቷን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ አራት ሕፃናት ጭኗ ላይ ተከምረውባታል።

እትዬ ዙራካን ይህን አዩና እጃቸውን አጨበጨቡ። «ነይ ተነሺ! ሽማግሌዎቹ ፊት ቁሚ። ቃለ መጠይቅ ማለት ይኸው ነው፤ ጠይቋት!»

ሽማግሌዎቹ ጠየቋት። አንደኛው «የሦስት ዓመት በግ ስንት ጥርስ አለው?» አሉ። ሌላኛው «ለምንድን ነው የዘንድሮ ሴት ልጅ ቶሎ የማታገባው?» አሉ። ሦስተኛው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ ሲቀሰቅሷቸው «ትክክል ነው፣ ትለፍ» ብለው መልሰው ተኙ። ካኒሻይ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ወደ እኔ ታያለች። እኔ የበግ ጭንቅላት ታቅፌአለሁ፤ ምን ልሁን!

እዚያው አደርን፤ ሻይ ብቻ ነበርና።

ዓርብ ቶክሞክ ላይ ደግሞ አራስ ቤት ገባን። እትዬ ዙራካን ልጅቷን ነጩን ሸሚዟን እንድትለብስ አዘዙ። «ዘመድ ይይሽ እንጂ! ሻንጣ ውስጥ የተጣጠፈ ልብስ ማን ይመርቀዋል?» ለበሰች፤ ሕፃኑን አሳቀፏት፤ ሕፃኑ የጠባውን ሁሉ ደረቷ ላይ መለሰው። የቤቱ ሴቶች በደስታ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። «ሲሳይ ነው! ሲሳይ ነው!» አሉ። ሲሳዩ እርጎ እርጎ ይሸት ነበር።

ቢሽኬክ ስንገባ ታላይ በታክሲው መጥቶ ወሰደን። መንገዱ በትምህርት ቤቱ በኩል ያልፋል። የያዝኩትን ሆቴል በመስኮት አየሁት፤ ባለ ሁለት ፎቅ፣ መጋረጃው ነጭ፣ ደጁ የተጠረገ። ደጁ ላይ አንድ ሰውዬ ብቻውን፣ በሰላም፣ ማንም ሳያናግረው ቆሞ ጋዜጣ ያነባል። በሕይወቴ እንደዚያ ሰውዬ የቀናሁበት ሰው የለም። እኛ ግን አለፍነው፤ ከከተማው ዳር፣ አስፋልቱ አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት ሰፈር ደረስን። ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ ነበር። ዘጠኝ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተኛን፤ ካኒሻይ በእትዬ ዙራካንና በግድግዳው መካከል። ያንኮራፉት እትዬ ዙራካን ናቸው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለመውጣት ቆመን ነበር። የታላይ ሚስት በሩ ላይ ቆማ «ዳቦ ሳትቀምሱማ አትወጡም» አለች። ዳቦው ሻይ ጠራ፤ ሻዩ እንቁላል ጠራ፤ እንቁላሉ ምርቃት ጠራ። እጃችንን ዘርግተን ምርቃቱን ጨርሰን ፊታችንን ስናብስ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ከዚያ ዋናው መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ አገኘነው። መኪናው ሁሉ ቆሟል።

ሁለት ሰዓት ተኩል። ሁለት ሰዓት ከአርባ። ካኒሻይ ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ የለውም፣ እንባው ብቻ ይወርዳል። እኔም የሃያ ዓመት ትዕግሥቴ እዚያች ታክሲ ውስጥ አለቀ።

«እትዬ!» አልኩ። «ልጄ ዛሬ በእርስዎ ሻይ ምክንያት ከቀረች፣ ከዛሬ ጀምሮ የቤትዎን ደጃፍ አልረግጥም። ዘመድዎን ሁሉ ይዘው ይኑሩ!»

ታላይ ሬዲዮውን አጠፋ። እትዬ ዙራካን በሃያ ዓመት ውስጥ ሲሰደቡ ዝም ያሉት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በሩን ከፈቱ፣ የካኒሻይን እጅ ያዙና መሮጥ ጀመሩ።

ሮጥን። እትዬ ዙራካን በዚያ አጭር ቁመታቸው፣ በአንድ እጃቸው ልጅቷን፣ በሌላው ቦርሶክ የሞላበት ፌስታል ይዘው፣ «ዞር በሉ! ተፈታኝ ነች!» እያሉ ሰዉን እየሰነጠቁ ይሮጣሉ። የተጠበሰው ሊጥ አንድ አንድ እያለ ከኋላቸው ይንጠባጠባል። በሩ ላይ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ካኒሻይ ገባች፤ በሩ ተዘጋ።

ግቢው ውስጥ ካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እኔ ከነንዴቴ በአንዱ ጫፍ፣ እሳቸው ትንፋሻቸው ተቆርጦ በሌላው ጫፍ። እኔን ሳያዩ፣ የተዘጋውን በር እያዩ ተናገሩ።

«እኔም መጥቼ ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ ለነርስነት ትምህርት።»

ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«እዚህ ከተማ የማውቀው አንድ ሰው አልነበረም። ሆቴሉ ቦታ የለም አለኝ። አውቶቡስ ጣቢያ ቦርሳዬን ተንተርሼ ሁለት ሌሊት ተኛሁ። በሁለተኛው ጠዋት ስነቃ አንዱ ቦት ጫማዬ የለም። አንዱ ብቻ! ሁለቱንም ቢወስድ ምን ነበረበት? ሌባውም ደንብ አያውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በአንድ ቦትና በአንድ ካልሲ ገባሁ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ስምሽ ማነው ይሉኛል፤ እኔ እግሬን አያለሁ። የአባትሽ ስም ይሉኛል፤ እግሬን አያለሁ። ሰባት አባቶቼን የምቆጥር ሰው የአንዱ ስም ጠፋኝ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ በቃሽ አሉኝ።» ፌስታሉን ከፈቱ። «ከዚያ ፖስታ ቤት ገባሁ። እንካ፣ ብላ። ሁለት ተርፏል።»

በላሁ።

ካኒሻይ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ወጣች። ሸሚዟ ላይ የእርጎው ምልክት አልለቀቀም። «ምን ጠየቁሽ?» አልኳት።

«እንዴት መጣሽ አሉኝ። ነገርኳቸው። ስለ በጉ ጥርስ ስነግራቸው አንደኛው ሳቀና እሱም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ።»

«አላልኩም?» አሉ እትዬ ዙራካን፤ ድምፃቸው ተመለሰ። «አላልኩም? ልምምድ ነው!»

ለማንኛውም ከሃያ አራቱ ውስጥ አልገባችም። ሃያ ስድስተኛ ወጣች። ነሐሴ ላይ ሁለት ልጆች ስለቀሩ ተጠራች። እትዬ ዙራካን ግን እስከ ዛሬ በየለቅሶውና በየሠርጉ «እኔ ነኝ ያስገባኋት» ይላሉ። ሁለቱን ልጆችም እሳቸው ያስቀሯቸው ይመስላል አነጋገራቸው። ደጃፋቸውን አልረግጥም ያልኩትንም ረግጫለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ተጎትቼ።

ዘንድሮ ደግሞ ተራው የታናሿ ልጄ የአይዚሬክ ሆነ። የጠራት ትምህርት ቤት ኦሽ ነው፤ ከተራሮቹ ወዲያ፣ ከአገራችን ሌላኛው ጫፍ። እኔም ልማዴ ነውና ዕቅዴን ጻፍኩ፤ ግን ገና አልለጠፍኩትም።

እትዬ ዙራካን መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ሻይ ቀረበላቸው፤ ቀዘቀዘ።

«ኦሽ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ሰምቼባቸው በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ «ኦሽ ማንም የለንም። ሦስት ቀን አሰብኩ። ማንም። ልጅቷ የት ልታድር ነው?»

ሆቴል የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ዕቅዱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ክፍሉን ይዣለሁ። ሴትዮዋን አየኋቸው፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ። «አንዴ መጣሁ» ብዬ ወደ ግቢ ወጣሁና ማማሳሊ ጋ ደወልኩ። ማማሳሊ የውትድርና ጓደኛዬ ነው፤ የኦሽ ሰው ነው።

«ስማኝ» አልኩት። «አንድ ሴትዮ ይደውሉልሃል። ዙራካን ይባላሉ። ሰባት አባቶቻቸውን ይቆጥሩልሃል።»

«ለምን?»

«ለምን አትበል። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ‹እንዴ! እሱማ የኛ አያት ነው!› ብለህ ጩህ።»

«ኤሴን፣ ጠጥተሃል? እኛ እኮ ከሌላ ጎሳ ነን። አምስተኛው ማነው?»

«ማንንም ይጥሩ፣ አንተ ብቻ ጩህ። ደግሞ ከልብህ ይሁን።»

ወደ ቤት ገብቼ «ይህን የኦሽ ሰው ቁጥር አንድ አስተማሪ ሰጠኝ፤ ምናልባት የሚያውቁት ቢሆን» አልኩና ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት። የማይመለከተኝ ነገር አስመሰልኩ። ስልኩን ይዘው ወደ ሌላው ክፍል ሲገቡ መቁጠር ጀመሩ፤ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ድምፃቸው ሳሳ። አምስተኛውን ጠሩ። ከዚያ እትዬ ዙራካን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እስኪመልስላቸው ጮኹ።

ሲወጡ ካፖርታቸውን አውልቀዋል፤ ፊታቸው ርሷል። «አየህ ሙሽራው?» አሉ። «ዘመድ የለም አይባልም! ያልፈለገ ሰው ነው ያለው! ሐሙስ እንነሳለን። ሻይ ብቻ ነው ብዬዋለሁ።»

«እርስዎ እንዳሉ እትዬ» አልኩ፤ ፊቴን አኮሳትሬ፣ እንደ ወትሮው።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ማማሳሊ ጽፎልኛል። «አምስተኛው ላይ ጮህኩ። ሴትዮዋ አለቀሱ። የአምስተኛውን ስም ሲጠሩ ግን እኔም ቤታችን የሰማሁት ስም መሰለኝ፤ አባቴን ጠይቄ እነግርሃለሁ። በጉን ግን አስሬአለሁ።»