የተስፋዬ መኪና ተራ ቤንዚን አትጠጣም

ሰው ንብረት የሚገዛው እንዲያገለግለው ነው ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ብቻ ያለው ሰው ንብረት ገዝቶ የማያውቅ መሆን አለበት። እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ በተለይ ዕቃው ትንሽ ኩራት ቢጤ ያለው እንደሆነ፣ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ ጌታው ማን፣ ሎሌው ማን እንደሆነ መለየት ይቸግራል። ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ሰሃን ያላት ጎረቤት የለቻችሁም? ትኖራለች። እንግዳውም አይመጣ፣ ሰሃኑም አይወጣ።

ወዳጄ ተስፋዬ ግን ከሰሃን ያለፈ ነበር። እሱ መኪና ነበረው።

ያኔ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ እኔና ተስፋዬም በፍርድ ቤቱ ጸሐፊዎች ነበርን። በከተማው የነበሩት መኪኖች ወይ የጭነት ወይ የመንግሥት ናቸው። የተስፋዬዋ ብቻ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠለት ቀይ የስፖርት መኪና ነበረች፤ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ከመሬት እምብዛም ያልራቀች፣ በዚያ ጭቃ መንገዳችን ላይ ስታልፍ ቀሚሷን ሰብስባ ረግረግ የምትሻገር እመቤት የምትመስል። በየቀኑ ቢሮ የሚመላለሰው በእሷ ነው። ቢሮው ከቤቱ ደጃፍ ይታያል።

መሐንዲሱ ሲሰናበተው፣ «ይህች መኪና የምትወደው ሱፐር ቤንዚን ነው» ብሎት ሄደ። ቃሉ ለተስፋዬ እንደ ኑዛዜ ሆነ። ሱፐር ማለት ከተራው የተሻለ፣ ሞተሩ እንዳያንኳኳ ያደርጋል የሚባለው ቤንዚን ነው፤ በእኛ በኩል ደግሞ ያለው ተራው ብቻ፣ እሱም ሮቤ ከተማ፣ በባለሱቁ በሐጂ አልዪ በርሜል ውስጥ። ሱፐሩ በጀሪካን የሚመጣው ከሻሸመኔ ነው፤ ያውም የጭነት መኪናው ሾፌር ከረሳው ቀረ፣ ዝናብ መንገዱን ከዘጋው ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ሱፐር በማይኖርበት ሳምንት መኪናዋ ሸራ ለብሳ ታርፋለች፣ ተስፋዬ በእግሩ ይኳትናል።

«ለመሆኑ ልዩነት አለው?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ሞተሩ ይስቃል» አለኝ።

ብዙ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጬ ሄጃለሁ፤ ሞተሩ ሲስቅ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። ምናልባት ጨዋታችን አላስደሰተው ይሆናል።

የተስፋዬ ሚስት አሰለፈች የሮቤ ልጅ ናት። አባቷ ግራዝማች ይርጉ ገና ሕፃን ሳሉ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው፣ ከሸዋ ከመጡት ሰፋሪዎች ጋር ባሌ የገቡ አዛውንት ናቸው። አንድ ማለዳ ግራዝማች በጠና ታመዋል የሚል መልእክት ደረሰ። አሰለፈች ነጠላዋን አጣፍታ መኪናዋ አጠገብ ቆመች።

«ተነስ እንጂ!»

«ሱፐሩ አልቋል» አላት።

«ከጎረቤት ቤንዚን ልቀበልልህ?»

«ተራ እኮ ነው የእነሱ! ከሰዓት ጭነቱ ይገባል፤ ትንሽ ብትታገሺ...»

አሰለፈች አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «እንግዲያው እሷን ጠብቅ» አለችና ወደ ሮቤ በሚወርድ የእህል መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሄደች።

ግራዝማች እግዜር ይመስገን ዳኑ። እሷ ግን አልተመለሰችም።

ተስፋዬ መጀመሪያ ኮራ፣ በኋላ ከሳ። በመጨረሻ ቤቴ መጥቶ ሽማግሌ ሁነኝ አለኝ። እድሜዬ ለሽማግሌነት አልደረሰም ነበር፤ ግን የመኪናዋ ሌላኛው ወንበር የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ምርጫው እኔ ላይ ወደቀ። ሱፐሩ መጥቶ ስለነበር በእሷው ሄድን። መንገድ ላይ «ስትስቅ ሰማሃት?» ይለኛል ደጋግሞ። ጭቃውን ሰማሁት።

ግራዝማች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀበሉን። እኔ ያሰናዳሁትን የሽምግልና ንግግር ገና «እንደምን ሰነበቱ» ላይ ሳለሁ አቋረጡኝ።

«ልጅ ተስፋዬ፣ ሰው ሊሞት ሲያጣጥር መኪና ምግብ ታማርጣለች? የገዛሃት እንድትሸከምህ ነው ወይስ እንድትሸከማት?»

«አጥፍቻለሁ አባባ። እርስዎ አንድ ነገር ሆነው ቢሆን ኖሮ እኔ...» አለና ዓይኑ እንባ ሞላ። ለካ እስከዚያች ሰዓት ነገሩን እስከ መጨረሻው አስቦት አያውቅም ኖሯል።

አሰለፈች ከጓዳ ወጣች። እንባውን አየች፤ ፊቷ ግን ወዲያው አልተፈታም።

«ከሐጂ አልዪ በርሜል ሞልተህ፣ ዓይኔ እያየ፣ ቤቴ ትወስደኛለህ» አለች።

ሦስታችንም ወደ ሐጂ አልዪ ሱቅ ሄድን፤ እነሱ በመኪና፣ እኔ በእግሬ ከኋላ። ተስፋዬ ማንቆርቆሪያውን ይዞ፣ ለሕፃን መድኃኒት እንደሚያጠጣ አባት ጠብ ጠብ እያደረገ ቀዳላት። እኔ ደግሞ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ካገኘሁ ብዬ፣ «ሐጂ፣ የትኛው ነው የሚሻለው?» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ እኔ ዘንድ ያለው አንድ ዓይነት ነው» አሉኝ። «መሄድ የፈለገ ይሄድበታል።»

ሞተሩ ተነሳ። ተስፋዬ ጆሮውን ዘንበል አደረገ፤ ፊቱ ገረጣ።

«ያው! እያንኳኳች ነው!»

«እኔ ነኝ» አለች አሰለፈች፤ በጣት ቀለበቷ በሩን እየመታች። «እንሂድ ብዬ ነው።»

ከዚያ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ጭቃውን እየረጩ ወደ ጎባ ነጎዱ። ደስ ብሎኝ እጄን አውለበለብኩ። መኪናዋ ባለሁለት ወንበር መሆኗ ትዝ ያለኝ ከዓይኔ ከተሰወሩ በኋላ ነው።

አስታራቂ እንዲህ ነው፤ ጥንዶቹ ሲገቡ እሱ ይወጣል። ምንም ማድረግ ስላልቻልኩ ወደ ግራዝማች ቤት ተመለስኩ። ከት ብለው ስቀው በቅሏቸውን አስጫኑልኝ። ወዟ የሚንጸባረቅ፣ እንደ ሙሽራ የተሽሞነሞነች በቅሎ ናት። አንድ ጭሰኛቸው እርካቡን ይዞልኝ እንደወጣሁ ግራዝማች ቀረብ አሉና አንገቷን እየዳበሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማ ልጄ፣ ጎባ ስትደርስ ድርቆሽ እንዳታቀምሳት። ከአጋርፋ የሚመጣ፣ የተበጠረ ገብስ ብቻ ነው የምትበላው። እሱም በውሃ ረጠብ ብሎ።»

«ገብሱ ባይገኝስ?»

«ታዲያ ሌላ ነገር ከምትበላ ጦሟን ትደር እንጂ! አረማመዷ ይበላሻል!»

እርካቡን የያዘው ጭሰኛ መሬት መሬት ያያል። ገብሱን የሚያበጥረው እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ እራቱ ምን እንደሆነ ግን ማንም የጠየቀው የለም። ለግራዝማች አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሰማዩ ደመና ቋጥሯል፣ ጎባ ሩቅ ናት፣ በቅሎዋም የእሳቸው ናት።

«እሺ ግራዝማች፤ ገብስ ብቻ» አልኩ።