የመምህር ገሰሰ ሦስተኛ አንቀጽ

በየአገሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ቤት ሲቃጠል ለእርዳታ ጠርተውት «እሳት እኮ በአንድ በኩል ሲታይ ጠቃሚ ነገር ነው» የሚል። እናንተ እንስራ ተሸክማችሁ ስትሮጡ እሱ የእሳትን ጥቅም ዘርዝሮ ወደ ጉዳቱ ይሻገራል። ጉዳቱ ላይ ሲደርስ ቤቱ አመድ ሆኗል። ይህን ሰው በጎረቤትም በእድርም በመሥሪያ ቤትም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን የዘሩን አውራ አይቻለሁና ስለ ትናንሾቹ ባታወሩኝ ደስ ይለኛል።

ሊቀ ሚዛን መምህር ገሰሰ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ተማሪዎቻቸው ነን። ይቀበሉት አይቀበሉት ብንጠይቃቸው ኖሮ እስከ ዛሬ መልሱን እየጠበቅን እንገኝ ነበር።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ወረታ ላይ እንግሊዝኛ ያስተምሩን ነበር። የአንበሳሜ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ መጀመሪያ ቀኝ መዳፋቸውን፣ ቀጥሎ ግራውን የሚዘረጉ። ክፍል እንደገቡ ጠመኔ አንስተው ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በመስመር ይከፍሉታል። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ያችኑ ንግግር ያሰማሉ።

«በስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ‹ይህ ይሻላል ወይስ ያ?› የሚል የድርሰት ጥያቄ ይመጣባችኋል። ቸኩሎ የመለሰ ወደቀ! በመጀመሪያው አንቀጽ አንዱን ወገን ታቀርባላችሁ። በሁለተኛው ሌላውን። በሦስተኛው የራሳችሁን ሐሳብ ትሰጣላችሁ።»

የመጀመሪያውን አንቀጽ አሳምረው አስተምረውናል። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ሊደርሱ ሲሉ ግን ሁልጊዜ ደወል ይደወላል። ዓመቱን ሙሉ ሦስተኛ አንቀጽ ምን እንደሚመስል ያየ ተማሪ አልነበረም። አንዳንዶቻችን ከደወል ደዋዩ ጋር ተስማምተዋል እንል ነበር።

ክፍል ውስጥ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! በገበያ ቀን ሥጋ ሊገዙ ይወጣሉ። ወረታ ላይ ያኔ ሁለት ልኳንዳ ነጋዴዎች ነበሩ። የአንዱ ሥጋ ስብ አለው፣ የሌላው ቀይ ነው። መምህር በሁለቱ መካከል ቆመው «ስብ በአንድ በኩል ወጥ ያጣፍጣል» ሲሉ፣ «በሌላ በኩል» ሲሉ፣ ሁለቱም ሸጠው ጨርሰው ቢላቸውን ይጠርጋሉ። ያከራየቻቸው ወይዘሮ ሸዋነሽ ሽሮዋን ጥዳ ትጠብቃቸዋለች፤ ልምድ አላታ። ሰው ሁዳዴን ሃምሳ አምስት ቀን ይጾማል፤ እሳቸው ዓመቱን ጾሙት።

ይህ ሁሉ ያሳጣቸዋል ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። በእኛ አገር በቁሐር ሚካኤል አንድ ሰሞን የአንዱ በሬ የሌላውን ጓያ በልቶ ሁለት ጎረቤታሞች ሊጋደሉ ደረሱ። መምህር ገሰሰ ተጠሩ። የበሬውን ረኃብ ተናገሩ፣ የጓያውን ልምላሜ ተናገሩ። ሁለቱም ሰዎች «ፈረዱልኝ» እያሉ ተሳስመው ወጡ። ምን እንደፈረዱ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ በፎገራ ሜዳ ላይ ወገን የማይዝ ሽማግሌ ሲፈለግ ሁለተኛ ስም አይጠራም ነበር።

እኔ ደግሞ አገኘሁሽ የአያልነህ ልጅ ነኝ፤ በቤታችን ነገር አንድ ወገን ብቻ ነው ያለው። «ፈረስ ይሻላል ወይስ በቅሎ?» የሚል ድርሰት ሲሰጡን አንድ ገጽ ተኩል ስለ በቅሎ ጻፍሁ፤ መጨረሻው ላይ ፈረስ የሚወድ ሰው ጠበል ቢጠመቅ ጥሩ መሆኑን አመለከትሁ። መምህር በቀይ ቀለም እንዲህ ብለው መለሱልኝ፦ «ፈረስ የት ሄደ? ተጠርቶ ይምጣና ቃሉን ይስጥ።» ከሃያ አራት አገኘሁ። በሚቀጥለውም አራት። በዚያው ብቀጥል ሰኔ ላይ መውደቄ እንደማይቀር እኔም፣ እሳቸውም፣ በቅሎዋም እናውቅ ነበር።

ጥር ላይ ከይፋግ ሽማግሌ ተላከብን። ግራዝማች አለኸኝ ለልጃቸው እኔን ጠየቁ። አባቴ ግራዝማችን ያከብራቸዋል፤ ከብታቸውን ደግሞ ከሳቸውም በላይ ያከብራል። «እሽ» ሊል አፉን ሲከፍት እናቴ ማንጠግቦሽ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ኧረ ተው አንተ! ልጅቱ ሰኔ ላይ ፈተና አለባት እኮ!»

«ባሏ ቤት ሁና ትፈተን።»

«ባሏ ቤት የሚፈተኑት ሌላ ነው» አለች እናቴ።

አባቴ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። በየክረምቱ መባቻ ተማሪ ቤት እንድደርስ የሜዳውን ማጥ በትከሻው ያሻገረኝ እሱ ነው። ቃሉ ወደ ይፋግ፣ ልቡ ወደ ወረታ ተጎተተበትና መላው ሲጠፋው «ሽማግሌ ይየው» አለ። ግራዝማችም «ወገን የማይዝ ሰው እስከሆነ ድረስ ይሁን» አሉ። የማን ስም እንደተጠራ ነግሬያችኋለሁ።

ያን ቀን አለቀስሁ። አንድ ሰው «አይሆንም» ብሎ እንዲቆምልኝ ነበር የፈለግሁት። የመጣልኝ ሰው በሁለት ልኳንዳ መካከል ካልሆነ በቀር ቆሞ የማያውቅ ነው።

ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ነፍስ አባታችን አባ ገብረ ኪዳን ባረኩ። እኔ ከእናቴ ጋር ከቅጥሩ ኋላ ሆኜ እሰማለሁ። መምህር ገሰሰ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አወጡ፤ መሃል ለመሃል መስመር የተሰመረበት ነው። ቀኝ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«በአንድ በኩል...» ብለው ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። ጋብቻ እንዴት ክቡር እንደሆነ፣ የይፋግ ቤት እንዴት የተመሰገነ እንደሆነ ተናገሩ። ግራዝማች «እሰይ! እንዲህ ነው እንጅ ሽማግሌ!» እያሉ ጭራቸውን ነሰነሱ። እኔ ጥርሴን ነከስሁ። ግራ መዳፋቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ፀሐይዋ ወደ ጣና አዘቀዘቀች። አባ ገብረ ኪዳን «መሽቷል፤ በይደር ይሁን» አሉ። በይደር የተባለው ነገር ሳይቆረጥ ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ሠርግ የለም።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሁለተኛው ስብሰባ ሆነ። አባቴ «እንግዲህ ሌላውን በኩል ያሰሙን» አላቸው። መምህር ወረቀቱን ዘርግተው «ግራዝማች የዘነጉት ነገር እንዳይኖር ከአዳም ልጀምር» አሉ። ከአዳም ተጀምሮ ኖኅ ላይ ሲደርሱ መሸ። ሦስተኛ ቀጠሮ፣ አራተኛ ቀጠሮ። የግራዝማች በቅሎ መንገዱን ከመልመዷ የተነሳ ሳትጫን ብቻዋን ትመጣለች ተብሎ ተወራ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ጉና ላይ ደመና ቋጠረ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የፎገራ ሰው አይነገረውም። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ባሕር ከሆነ ሚዜም ሙሽራም አይሻገርም፤ ሁሉም ነገር ለሌላ ዓመት ነው። ግራዝማች ብድግ አሉ።

«ዛሬ ይቆረጥ! ውኃው ቢቀድመን እንኳ በታንኳ እንወስዳታለን!»

«ታንኳ» አሉ መምህር ገሰሰ ቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «በአንድ በኩል ይንሳፈፋል...»

አባቴ አላስጨረሳቸውም። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይኸን ወረቀት ወዲህ ይስጡኝ። ስንት በኩል እንደቀረ አስነብቤ ዛሬውኑ እኔው እቆርጠዋለሁ» አለ።

መምህር ገሰሰ ወረቀቱን አዩት፣ እኔ ያለሁበትን ቅጥር አዩት፣ አጣጥፈው ሰጡት። «በሌላ በኩል» ሳይሉ ነገር ሲፈጽሙ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አባቴ ፊደል አይቆጥርም። በቤታችን ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነኝ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ሰጠኝ፤ እናቴ ምሰሶውን ተደግፋ ቆመች።

«አገኘሁሽ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀሪ አንብቢልኝ። በወዲያ ያለው ከበለጠ ይፋግ ትሄጃለሽ፤ በወዲህ ያለው ከበለጠ ትቀሪያለሽ።»

ገለጥሁት። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ከመስመሩ በስተግራ «ልጅቱ ፈተናዋን ትፈተን» ይላል። ከመስመሩ በስተቀኝ፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው በሚያምር እጅ ጽሑፍ፣ «ልጅቱ ፈተናዋን ትፈተን» ይላል። ሌላ አንድም ነገር የለበትም።

አራት ቀጠሮ ሙሉ ከአዳም ጀምረው ያነበቡት ይህን ነበር!

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ ያዘኝ። አባቴ እየጠበቀ ነው። እንዳለ ባነበው ሽማግሌው ወገን ይዘዋል፤ ሽምግልናው ይፈርሳል፣ እኔም ይፋግ እገባለሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«በአንድ በኩል» ብዬ ጀመርሁ። መቼም ፈረስን ጠርቼ የማላውቅ እኔ ፈረስን ጠራሁ። ጋብቻን ወክዬ ቆምሁ። «አባቷ ልጁ በወግ ስትዳር ማየት ይገባዋል። ግራዝማች የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸውን መመለስ ይከብዳል። ተማሪ ቤት የዋለች ልጅ ሁሉ እንጀራ አግኝታለች ማለት አይደለም፤ ርቃ ሄዳ የምትቀርም አለች። አባቷ ሲያረጅ ማን ይጠይቀዋል?» ይህን ስናገር እውነት መሆኑ ገባኝ።

አባቴ ጭኑን መታ። «አየሽ ማንጠግቦሽ? ይኸ ሰውየ ልቤ ውስጥ ገብቶ ነው የጻፈው!»

«በሌላ በኩል» አልሁ ቶሎ ብዬ፣ «ጤፉን አርሶ፣ ዘርቶ፣ ሦስት ጊዜ አርሞ፣ ለአጨዳ ሳምንት ሲቀረው ከብት የሚለቅበት ገበሬ አለ ወይ? ይህችን ልጅ ስምንት ዓመት በጭቃ ያሻገራት ማን ነው? ባል በሚመጣው ዓመትም ይመጣል። ፈተናው ግን ለሷ ሁለተኛ አይመጣም። ብትወድቅ እንኳ አባቷ ‹ከለከልኋት› አይልም፤ ‹ወደቀች› ይላል። በዚያ እንቅልፍ ይወስደዋል።»

እናቴ አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በሩቁ ጉና ላይ ነጎድጓድ ተሰማ።

«የራሱ ቃልስ? ፍርዱ የት ላይ ነው?» አለ አባቴ።

ወረቀቱን ገለበጥሁት። «አልጻፉም፣ አባየ።»

«እሱማ መቼ ይጽፋል!» አለና ሳቀ። እየሳቀ ተነስቶ ወደ ሜዳው አየ። «አምስት ወር አንገላቶን መቁረጡን ለኔ ተወው። በይ ትፈተኝ። ካለፍሽ ደብረ ታቦር ተማሪ ቤት ትሄጃለሽ። ከወደቅሽ ይፋግ የትም አይሄድ።»

አንዲት ቃል አላስቀረሁም፤ የጨመርሁት ግን ብዙ ነው፤ ይቅር ይበለኝ። በሳምንቱ ዝናቡ ወረደ። ርብ ሞላ፣ ጉማራ ሞላ፣ ግራዝማችም በቅሏቸውም ከመንገድ አረፉ። በሚቀጥለው ጥር ለልጃቸው ከወዲያ ማዶ ሚስት አገኙለት፤ ሽማግሌ ሳይበዛበት በሁለት ቀን ተቆረጠ አሉ።

ሰኔ ላይ ተፈተንሁ። የድርሰቱ ጥያቄ ገጠር ይሻላል ወይስ ከተማ የሚል ነበር። ሁለቱንም ወገን ጠርቼ ቃላቸውን ተቀበልሁ፤ ከዚያም፣ ማንም ሳያስተምረኝ፣ የራሴን ሐሳብ ጻፍሁ። አለፍሁ።

ደብረ ታቦር ልሄድ ስል ልሰናበታቸው ወረታ ሄድሁ። ባዶ ክፍል ውስጥ ሰሌዳውን እየጠረጉ አገኘኋቸው፤ መስመሩን ግን አልጠረጉትም። ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

«መምህር፣ ሁለቱም ወገን አንድ ነው።»

ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት። «በአንድ በኩል ቸኩዬ ጽፌው ይሆናል» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «ለአባትሽ ምን ብለሽ አነበብሽላቸው?» አሉኝ።

ሁሉንም አልሁላቸው፤ የግራዝማችን ክብር፣ የአባቴን እርጅና፣ ጤፉን፣ ከብቱን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። በአንደኛው አንቀጽ ላይ ቀኝ መዳፋቸው፣ በሁለተኛው ላይ ግራው ሳያውቁት ተዘረጋ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ወድጄ አላውቅም፤ ልናገረው ግን አፈርሁ። ስጨርስ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥተው ወረቀቱ ግርጌ ላይ ጻፉና መለሱልኝ።

ከሃያ አሥራ ዘጠኝ።

«አንዷ ለምን ቀረች፣ መምህር?»

«ሦስተኛውን አንቀጽ የሠሩት አባትሽ ናቸው» አሉኝ።