ወረቀት አልባው ቤተ መጻሕፍታችን

ምስጋና ለሚገባው ይሰጥ! በደብረ ብርሃን ከተማ መጽሐፍ የማይታይበት ብቸኛው ቤተ መጻሕፍት የእኛ ነው። ይህን ታላቅ ድል ባለፈው ኅዳር ስናስመዘግብ ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ምስክርነቴን ያለ ጥርጥር ተቀበሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኃላፊያችን አቶ ሠረቀብርሃን ለሦስት ቀን ሥልጠና አዳማ ወርደው "ወረቀት ኋላቀርነት ነው" የሚል ዕውቀት ይዘው ተመለሱ። ይህንኑ በአርባ ስምንት ገጽ ዕቅድ አስፍረው፣ በስድሳ ቅጂ አባዝተው አደሉን። መጻሕፍቱ በሸራ ተጠቅልለው መጋዘን ገቡ፤ በቦታቸው አንዲት ታብሌት መጣች። አዎ፣ አንዲት። ጠረጴዛው ወልጋዳ ስለሆነ እየተንሸራተተች ብታስቸግር ከሥሯ ወፈር ያለ መደገፊያ ተደረገላትና አረንጓዴ ከፋይ ለብሶ ተመረቀ። አቶ ሠረቀብርሃንም "ከእንግዲህ አንባቢ መጽሐፍን አይፈልግም፤ መጽሐፍ ራሱ አንባቢን ይፈልጋል!" አሉ። አጨበጨብን። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባው ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ለሦስት ሳምንት መጽሐፉ አንባቢ ሲፈልግ ከረመና አንድ ሐሙስ ጠዋት የኔታ ወልደአረጋይ ከአንኮበር በሚኒባስ ደረሱ። የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው በስተርጅና ልብ ወለድ የለመዱ ሰው ናቸው።

"ልጄ፣ ያን ወፍራሙን ልብ ወለድ አምጪልኝ" አሏት የንባብ ክፍሏን ሠራተኛ ሠናይትን። "ሠላሳ ገጽ ቀርቶኛል። ስንደዶዬን ለምልክት ከትቼበት ነው የሄድኩት።"

"መጽሐፉ ተነሥቷል እኮ የኔታ። አሁን ያለው ክላውድ ላይ ነው።"

"ምን ላይ?"

"ደመና ላይ እንደማለት ነው።"

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ስሚኝ ልጄ፣ ግራ ዓይኔ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰኞ አዲስ አበባ ቀኙን ኦፕራሲዮን ሊያደርጉኝ ነው። ቢሳካ ተመስገን። ባይሳካ ግን ያቺ በመጽሐፉ ያለችው፣ ከአባቷ ተጣልታ የወጣችው ልጅ ስትመለስ አባትየው በሩን ይክፈትላት አይክፈትላት ሳላውቅ መታወሬ ነው። እንዴት አያናድደኝ?"

አንጀቷን በሉት። ታብሌቷን ከፈተችላቸው፤ ታብሌቷም የይለፍ ቃል ጠየቀች። የይለፍ ቃሉ ያለው አቶ ሠረቀብርሃን ዘንድ፣ አቶ ሠረቀብርሃን ያሉት ስብሰባ ላይ። ደግነቱ "የመጀመሪያው አንባቢ መጣ" ሲባሉ ስብሰባውን ጥለው፣ ፎቶ አንሺ አስከትለው ከተፍ አሉ።

"ያንብቡ የኔታ! ያለ ምንም ገደብ ያንብቡ!"

የኔታ ግን የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው። በስንደዶ ፊደል እያመለከቱ ያደጉ፣ ሰባ ዓመት ሙሉ መስመሩን በእንጨት ወይም በጣት ሳይከተሉ አንብበው የማያውቁ ናቸው። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አኑረው ወደ ቀኝ ሲያስኬዱ ገጹ ወደ ኋላ ፈረጠጠ። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም ፈረጠጠ። ንባብ ጀምረው ከመጨረሻው የሚርቁ አንባቢ በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

"ኧረ ወዴት ሄደ?"

"አይንኩት የኔታ።"

"ሳልነካው በምን ላንብበው?"

በልማዳቸው ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ሊገልጡ ሲሉ ደግሞ ፊደሉ አበጠ፤ አንድ ገጽ ሦስት ቃል ብቻ መያዝ ጀመረ። ብርዱ ሲጠናባቸው ጓንት አጠለቁ። ታብሌቷ ለካ ጓንት የለበሰ ሰው አታውቅም። ለደብረ ብርሃን ብርድ እንዲህ ያለ ዕቃ መርጦ መግዛትም ችሎታ ይጠይቃል።

"ዘጠና ሰባት በመቶ ደርሰዋል! እንኳን ደስ አለዎት!" አሉ አቶ ሠረቀብርሃን።

"እኔ የጠየቅሁት ስለ ልጅቱ ነው፤ በመቶውን ምን ላድርገው?"

እንደምንም ሰባት ሰዓት ሲሆን ልጅቱ የተመለሰችበት ገጽ ደረሱ። ጮክ ብለው አነበቡ፦ "አባትየው በሩን..." ከዚያ ታብሌቷ "ማሻሻያ በመጫን ላይ፤ እባክዎ ይጠብቁ" አለች። ጠበቅን። ሃምሳ በመቶ ላይ ስትደርስ መብራት ሄደ፤ ባትሪዋ የቆየ ሕመምተኛ ነበርና ታብሌቷም አብራው ሄደች።

አቶ ሠረቀብርሃን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ትዕግሥት የዘመናዊነት መሠረት ነው። ማክሰኞ ቢመለሱ..."

"ማክሰኞ?! ሰኞ እኮ ነው ያልኩህ አንተ ሰውዬ!"

የኔታ ጠረጴዛውን በመቋሚያቸው ነረቱት። ታብሌቷ ተንሸራተተች፣ ሠናይት በአየር ላይ ቀለበቻት፣ ከፋዩ ወለሉ ላይ ወደቀ። መደገፊያው ራቁቱን ቀረ። ያው ወፍራሙ ልብ ወለድ ነበር፤ ስንደዶው እንኳ ከገጹ መሐል ብቅ እንዳለ ነው። መጻሕፍቱን መጋዘን ያስገባው ኮሚቴ ለመደገፊያ ከሁሉም ወፍራሙን መርጦ ኖሯል።

 የኔታ መጽሐፉን ይዘው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ፣ ስንደዶውን መዘው መስመሩን መከተል ጀመሩ። የይለፍ ቃል የጠየቃቸው የለም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መጽሐፉን ዘጉት፤ የቀራቸው አንድ ዓይን እንባ አቅርሯል።

"እሺ የኔታ? ምን ሆነ?" አለች ሠናይት።

"ከፈተላት" አሉ። "ለካ በሩን ዘግቶት አያውቅም ነበር።" ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

አቶ ሠረቀብርሃን መጀመሪያ ያሉት "መጽሐፉን ቶሎ ወደ ቦታው መልሱት፤ ታብሌቷ ትወድቃለች" የሚል ነበር። ቀጥለውም ሪፖርት አስጻፉኝ፦ "በሩብ ዓመቱ አንድ አንባቢ በዘመናዊ ማዕከላችን ልብ ወለዱን መቶ በመቶ አንብቦ አጠናቋል።" ይህንንም በስድሳ ቅጂ አባዛነው። ውጤቱ በበላይ አካል ስለተደነቀ ሁለተኛ ታብሌት ተፈቀደልን።

የኔታ በወሩ ቀኝ ዓይናቸው በርቶላቸው ተመለሱ። የመጣውን አዲስ ካርቶን አይተው ሠናይትን ጠጋ አሏትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

"ለዚችኛዋ ደግሞ ከሥሯ ምን ልታደርጊላት አስበሻል?"

"እርስዎ ይምረጡ የኔታ" አለች የመጋዘኑን ቁልፍ እያወጣች፤ "ብቻ ወፈር ያለ ይሁን።"