ዶኛ ኦብዱሊያ መጨረሻውን ያውቃሉ

የዶኛ ኦብዱሊያ፣ የእሜቴ ኦብዱሊያ፣ ችግር ግልጽ ነበር። ሜክሲኮ፣ ሞንቴሬይ ላይ የታየ ተከታታይ ድራማ እኛ አሜሪካ፣ ሳን አንቶኒዮ ለምንኖረው የሚደርሰን ከሦስት ወር በኋላ ነው። ቋንቋው ያው፣ ተዋናዮቹም ያው፤ የሚለየን አንድ ወንዝና የድንበር ወረፋ ብቻ።

"እህቴ አልቅሳ የጨረሰችውን እኔ ገና ልጀምር?" አሉ። መፍትሔው ስልክ ሆነ። እህታቸው ኤልቪራ ማታ ያየችውን ጠዋት ደውላ ትተርክላቸዋለች።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። መጨረሻውን ቀድሞ የሚያውቅ፣ ማወቁ ብቻ የማይበቃው፣ ካልተናገረ ሆዱ የሚነፋ።

ክብርት ዶኛ ኦብዱሊያ ችሎታቸውን የሚያሳዩት በዶን ክሬሴንሲዮ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ሽማግሌው ከማሽኖቹ በላይ ቴሌቪዥን ሰቅለዋል፤ ድራማው ሲጀምር የሰፈሩ ቆሻሻ ልብስ ሁሉ እዚያ ይገኛል። ንጹሕ አንሶላ ተሸክመው የሚመጡም አውቃለሁ።

የዶኛን አሠራር በቅርብ አጥንቻለሁ። በቀጥታ አይናገሩም። ባለጠጋው ሲስቅ፣ "ሳቅ፣ ሳቅ፤ ጊዜህ አጭር ነው" ይላሉ። ሙሽራ ስትታይ ካልሲ እያጣጠፉ ይተክዛሉ። "ከአፌ ምንም አልወጣም!" ካሉ ግን አበቃ፤ ሰርጉ ፈርሷል ማለት ነው። አንድ ማታ ዶን ክሬሴንሲዮ የዶኛን ድምፅ ለመዋጥ ማድረቂያዎቹን ሁሉ ባንዴ አስነሱ። ዶኛም ጮክ አሉ፤ ገዳዩ ዳኛው መሆኑን መንገደኛው ሳይቀር ሰማ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ያንን አፍሽን ከልብሱ ጋር ብታጥቢው ምናለ?" አሉ ሽማግሌው።

"ያንን ዳኛ እንዳመንከው ልትኖር ነበር? ከጉድ አወጣሁህ፣ ይልቅ አመስግነኝ!"

በዚህ ሳምንት ድራማው ሊያልቅ ነው። የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ባለታሪኳ ማግዳሌና የጠፋ ልጇን ታገኘዋለች ወይስ አታገኘውም? መልሱ ዓርብ ይታያል። ዶን ክሬሴንሲዮ ደግሞ የልብ ቀዶ ሕክምና ቀጠሯቸው ረቡዕ ነበር።

ሰኞ ዕለት ቴሌቪዥኑን አጠፉና ከዶኛ አጠገብ ተቀመጡ።

"ኦብዱሊያ፣ እስቲ ንገሪኝ። ታገኘዋለች?"

ሁላችንም እንደ ልማዳችን ጆሯችንን ደፈንን።

"ምን ነካህ? አንተ ነህ እንዲህ የምትለኝ?"

"ሐኪሙ ዕድሜዬን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ዓርብ ላልደርስ እችላለሁ። ሳላውቅ አልሂድ።"

ዶኛ አፋቸውን ከፈቱ። ፎጣ አነሱ፣ አጠፉ፣ ዘረጉ፣ እንደገና አጠፉ።

"አላውቅም" አሉ።

"ኤልቪራስ?"

"ስልኳ ተበላሽቷል።"

"መጨረሻው እዚያ ከታየ ወዲህ፣ ሦስት ወር ሙሉ?"

"የሞንቴሬይ ስልክ ነዋ! ማወቅ ከፈለግክ ዓርብ ዓይንህን ገልጠህ እይ። ሆስፒታልም ቴሌቪዥን አለ።"

ሽማግሌው ተቆጥተው ተነሡ። ያን ቀን የዶኛን ፎጣ ያጠፍኩላቸው እኔ ነኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። የዶን ክሬሴንሲዮ ልጅ ጠዋት ደወለች። አባቷ ነቅተዋል፤ ገና ሲነቁ የጠየቁትም ስለ ማግዳሌና ነው። ዶኛ ኦብዱሊያ ይህን ሲሰሙ ሊናገሩ ተነሡ፤ መልሰው ተቀመጡ። እስከ ነገ ማታ ዝም ለማለት እየሞከሩ ነው። በስኳር የተለበጠ ዳቦ ገዝተን በየተራ እናጎርሳቸዋለን፤ የእሳቸው አፍ ለአፍታም ባዶ መሆን የለበትም።