ጀርባ የሌለው እሳት

«አባዬ፣ ዝም አይበሉ እንጂ፤ ይምረጡ!» አለችኝ ልጄ፣ ቡራዩ ካለ ብየዳ ቤት መሃል አቁማኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ልጄ ከሱሉልታ አምጥታ እቤቷ አስቀምጣኛለች። ክረምቱ ሲወጣ እመለሳለሁ ብያታለሁ። ብርዱ ያስመረረኝ መስሏታል። የሱሉልታን ብርድ የለመደ የቡራዩን ይፈራል እንዴ? የጎደለኝ ሰው ነው። እሷና ባሏ ጎሕ ሳይቀድ በሚኒባስ አዲስ አበባ ይገባሉ፤ ማታ ደክመው ይመጡና ክፍላቸው ይከተታሉ። እኔ ደግሞ ይህን አፍ አውጥቼ የምናገር ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ለግቢው እሳት ማንደጃ ልትገዛልኝ ተነሳች።

እናንተዬ፣ እሳት እንደ ሶፋ የሚመረጥበት ዘመን ደረስን! አንዱ ጭስ ማውጫው የፋብሪካ ያህል የረዘመ፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ነው። ሌላው በጋዝ ይነዳል፤ ውስጡ ግንድ አለ፣ ግንዱ ግን አይቃጠልም። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት። የማይከስል እንጨት! አመድ ከሌለው ጠዋት ምኑን ይጠርጉታል? እሳት ካየው ምን ለየው ብዬ ላልፍ ስል፣ ጥግ ላይ የትራክተር ማረሻ ዲስክ አየሁ፤ ሦስት እግር በይደውለታል። ሠራተኞቹ ሻይ ጥደውበት፣ ዙሪያውን ተቀምጠው ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ።

«ኦቦ ገመቹ፣ እሱ እንኳ የእኛው ነው፤ አይሸጥም» አለኝ በያጁ።

ባለ ጭስ ማውጫውን አሳየሁት። «ከዚህኛው ጀርባ የተቀመጠ ምን ይሞቃል?»

«ጀርባውማ ግድግዳ ነው፤ ማን ይቀመጣል?»

«እንግዲያ እንደ እናንተው ሥራልኝ።»

ልጄ ፊቷ ጠቆረ። «አባዬ! ይኼን እኮ ቆራሌውም አይወስደው!»

ግን ገዛችልኝ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ለኮስነው። እኔ፣ እሷና ባሏ፤ ሁለቱም ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ሱሉልታ በዓይኔ ላይ ሄደች።

ወዲያው ጭሱ አጥር ተሻገረ። በሩ ተንኳኳ፤ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው።

«አላልኩም?» አለች ልጄ። «ልብሳቸው ጭስ ጭስ ሸቶባቸው ነው!»

ሐጂ በቆሎ እሸት ታቅፈው ገቡ፤ ሚስታቸው በርጩማ ይዘው ተከተሉ። «የጭሱ ድርሻችን ደርሶናል» አሉ፤ «የእሳቱስ?»

ከጓሮ ያሉት ተከራዮች ሳቁን ሰምተው መጡ። ስልኮቹ ኪስ ገቡ። እኔ በቆሎዬን እያገላበጥኩ፣ ማን መጣ ማን ቀረ እያልኩ ስቆጥር፣ ሐጂ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ኦቦ ገመቹ፣ ጠጋ ይበሉ እንጂ! እሳቱን ለብቻዎ ያዙት እኮ!»