እሱ ራሱ ይናገር

ትናንት ሌሊት አስካለ ደምሰው ሕልም አየች፤ ምነው ሕልም ብቻ ሆኖ በቀረ የሚያሰኝ ሕልም።

አስካለ አርባ ምንጭ ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ሰሞኑን ለአሥረኛ ክፍሎች የምታስተምረው ሪፖርትድ ስፒች የሚሉትን ነው፤ አንዱ የተናገረውን ሌላው እንዴት አድርጎ እንደሚያወራው። "እኔ" የነበረው "እሱ" ይሆናል፣ "ዛሬ" የነበረው "ያን ዕለት" ይሆናል እያለች ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ታስረዳለች። ቤቷ ስትገባ ደግሞ ያው ትምህርት በስልክ ይጠብቃታል። አባቷ ደብረ ሲና ታሞ ከተኛ ሰንብቷል። በደወለች ቁጥር ስልኩን የሚያነሳው ወንድሟ ስንሻው ነው።

"ደህና ነኝ ብሏል" ይላታል። "አሁን እንቅልፍ ወስዶታል፣ ሲነቃ አገናኝሻለሁ።"

አንድም ቀን አላገናኛትም። እሷ ደግሞ ብዙ አልፈለገችም፤ አባቷ በራሱ አፍ አንድ ቃል እንዲላት ብቻ ነበር የፈለገችው። ቢቆጣትም ደስ ይላት ነበር። ይህን እያብሰለሰለች እንቅልፍ ወሰዳት።

በሕልሟ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ጥላ የሚባል ግን የትም የለም። ዘበኛው ጋሽ ኦይቻ እንደ ወትሮው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"እንደምን ዋሉ ጋሽ ኦይቻ?" አለቻቸው።

እሷን ትተው ወደ ግንቡ ዞሩ። "እንደምን ዋሉ ብላለች" አሉ ለግንቡ።

ከግንቡ ጀርባ የማታውቀው ድምፅ መለሰ። "እግዚአብሔር ይመስገን ብለዋል በሏት።"

"ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?" አለች አስካለ።

"ከማን ጋር ነው የሚያወሩት ብላለች።"

"የሚናገርላት ሰው ይዛ ትምጣ" አለ ድምፁ። "እዚህ ማንም በራሱ አፍ አይናገርም በሏት።"

ነገሩ አላማራትም። ልትመለስ ዞር ስትል መንገዱ የለም፤ ክፍል ውስጥ ነበረች። ጉልበቷን አጥፋ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ርዕሰ መምህሩ አቶ መኩሪያ የተማሪ ደንብ ልብስ ለብሰው፣ እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀርቶባቸው፣ አጠገቧ ተጣበው ተቀምጠዋል። ተማሪዎቿ በሙሉ ጠመኔ ይዘው ሰሌዳው ጋ ቆመዋል፤ አንዳቸውም ዓይናቸውን አያርገበግቡም።

"መምህርት 'ውሃ ስጡኝ' ብለዋል" አለች ከፊት የቆመችው ልጅ።

አስካለ ምንም አላለችም ነበር። ወዲያው ግን ምላሷ ከላንቃዋ ተጣበቀና "ውሃ ስጡኝ" አለች። የሰጣት የለም።

"መምህርት 'አባቴ የት ነው' ብለው ጮኸዋል።"

አልጮህኩም ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን "አባቴ የት ነው?" የሚል ጩኸት ነበር። የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት።

"ቀድሞ ይባላል፣ ከዚያ ይሆናል" አሉ አቶ መኩሪያ በሹክሹክታ። "አዲሱ መመሪያ አልደረሰሽም እንዴ? ይህን ግን እኔ አላልኩሽም።"

አሁን ፍርሃት እስከ አጥንቷ ገባ። የተባለው ሁሉ የሚሆን ከሆነ፣ ስለ አባቷ ምን ሊባል ነው? ዘላ ተነስታ የልጅቷን አፍ በመዳፏ ከደነች። "ስለ አባቴ አንድ ቃል እንዳትናገሪ!" ልጅቷ ከመዳፏ ሥር ፈገግ ስትል ተሰማት። የቀሩት ተማሪዎች ሊናገሩ እኩል ትንፋሽ ሳቡ። አስካለ እግሬ አውጪኝ አለች።

ሮጣ የገባችው ሆስፒታል ነበር። ሐኪሞቹ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ብርድ ልብስ ተከናንበው አልጋ ላይ ተኝተዋል። በሽተኞቹ ግሉኮሳቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ይጠይቋቸዋል። ካርድ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ጥጃ ተቀምጣ ካርድ ታመነዥካለች። ካርዱ የተበላ ሁሉ ድኗል ተብሎ በድምፅ ማጉያ ይለፈፋል፤ የሚወጣ ሰው ግን አይታይም።

"የደምሰው ካርድ ተበልቷል?" ብላ ጠየቀች።

ጥጃዋ ማኘኳን አቁማ አየቻት። ከዚያ በአፍንጫዋ ወደ መጨረሻው ክፍል ጠቆመቻት።

አባቷ እዚያ ነበር። ካኪ ኮቱን ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ዙሪያውን ሰው ከቦታል፤ ስንሻው አለ፣ አክስቷ አለች፣ ጎረቤቶቹ አሉ። የአባቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን ከእሱ አይወጣም።

"ደህና ነኝ" አለ ስንሻው። የወጣው የአባቷ ድምፅ ነበር፣ ያ ሻካራ ድምፅ፣ ቅንጣት ሳይጎድለው።

"እህል ቀምሻለሁ" አለች አክስቷ በዚያው ድምፅ።

"ሐኪሙ ነገ ትወጣለህ ብሎኛል" አለ አንድ ጎረቤት።

አንድ ቃል በተናገሩ ቁጥር ኮቱ አባቷን እየሰፋው ሄደ። ትከሻው ጠፋ፣ እጁ እጅጌው ውስጥ ገባ። ድምፁን እየተካፈሉ እየጨረሱት መሆኑ ገባት።

"በቃችሁ!" አለች። "ዝም በሉ! እሱ ራሱ ይናገር!"

ሁሉም አፋቸውን ገጠሙ። አባቷ ቀስ ብሎ ቀና አለና አያት። ትንፋሽ ሳበ፤ ሊናገር ነው። አስካለ ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች።

በሩ ተንኳኳ። ነቃች።

ገና አልነጋም። በዚህ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም አይጠፋውም፤ እሷም አልጠፋትም። ተነስታ ከፈተች። አከራይዋ እማማ ጥሩወርቅ፣ አቶ መኩሪያና ጋሽ ኦይቻ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማን ይናገር በሚል እርስ በርስ ይተያያሉ። ከኋላቸው ከሩቅ መንገድ የመጣው ስንሻው፣ አቧራ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቷል።

"መቼ?" አለችው።

"ማክሰኞ ቀበርነው።"

"ትናንት ማታ ስደውልልህ ደህና ነኝ ብሏል አላልከኝም?"

"ስትደውዪ መንገድ ላይ ነበርኩ" አላት። እማማ ጥሩወርቅ "አይዞሽ ልጄ" እያሉ ሊይዟት ሲሉ እጃቸውን ገፋ አደረገችው።

"አታልቅሱብኝ፣ ቆዩ! ስንሻው፣ በሞተው አባትህ ይዤሃለሁ፤ አንድ እንኳ እሱ ራሱ ያለው ቃል የለም?"

ስንሻው ፊቱን በነጠላው ጠረገ።

"አለ እንጂ" አላት። "'መድከሜን ለአስኩ አትንገሯት፤ ተማሪዎቿን ጥላ ትመጣለች' አለ።"